በጅራቱ በኩል ራስ ያበቀለው ትል

እንደምን አደራችሁ፣ መምህራን፣ ወላጆች፣ የሳይንስ ክበብ ልጆች።

አንዲት ተማሪዬ በቀደም "ቲቸር፣ ቡና ሲጎነደል መልሶ ያቆጠቁጣል። የእኛ ጣት ሲቆረጥ ለምን አይበቅልም?" ብላ ጠየቀችኝ። የጅማ ልጅ ጥያቄው ከቡና ቢጀምር አይፈረድበትም። እኔ ግን ከቡናው ወደ አንድ ትል ልውሰዳችሁ።

ፕላናሪያ ይባላል። በወንዝና በኩሬ ድንጋይ ሥር የሚኖር፣ ጠፍጣፋ፣ ትንሽዬ ትል ነው። ሁለት ዐይኖቹ ሸውራራ ያስመስሉታል። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ቶማስ ሀንት ሞርጋን በፈረንጆቹ 1898 ይህን ትል እየቆራረጠ አጠናው። ከትሉ 279 እጅ አንዷን የምታህል ቁራጭ ሙሉ ትል ሆነች!

ምስጢሩ ኒዮብላስት የሚባሉት ህዋሶች ናቸው። ተባዝተው ዐይንም፣ አንጀትም፣ አንጎልም ይሆናሉ። በጨረር ከተገደሉ ትሉም በሳምንታት ውስጥ ይሞታል። በፈረንጆቹ 2011 ተመራማሪዎች ጨረር ለተመታ ትል አንዲት ኒዮብላስት ብቻ ሰጡት። ዳነ።

ግን ቆይ። ጉንደላ የተደረገ ቡና ከጉቶው አናት ቅርንጫፍ እንጂ ሥር አያወጣም። ትሉስ የትኛው ቁስል ላይ ራስ፣ የትኛው ላይ ጅራት እንደሚበቅል በምን ያውቃል?

የሚነግሩት ጡንቻዎቹ ናቸው። ጡንቻ ለመንቀሳቀስ ብቻ ይመስለን ነበር አይደል? በትሉ ጡንቻ ውስጥ ያሉ ህዋሶች ዊንት የተባለ መልእክተኛ ፕሮቲን ይለቃሉ። ዊንት የበዛበት ቦታ ጅራት ይሆናል። ወደ ራስ በኩል ያለው ቁስል ደግሞ ዊንትን የሚያፍን ሌላ ፕሮቲን ያወጣል። በፈረንጆቹ 2008 ተመራማሪዎች የዊንትን መልእክት የሚያደርሰውን ቤታ ካቴኒን የተባለ ፕሮቲን ዝም አሰኙት። ጅራት በተቆረጠበት ቦታ ራስ በቀለ። በሁለቱም ጫፍ ራስ! ወዴት እንደሚሄድ እሱ ይወቅ።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን በፈረንጆቹ የ2013ቱ ጥናት ነው። ከፕላናሪያ ዘመዶች አንዱ ከወገቡ በታች ከተቆረጠ ጅራቱ ራስ ማብቀል አይችልም። ድሃ ዘመድ በሉት። ተመራማሪዎቹ ያንኑ የዊንት መልእክት ሲቀንሱለት ራስ አበቀለ። ህዋሶቹማ ድሮም ነበሩት። አስሮ የያዛቸው ትእዛዙ ነው።

አንቺ ልጅ፣ ከኋላ ተቀምጠሽ አይቼሻለሁ። እኛ እንደ ትሉ ኒዮብላስት የለንም፤ ሙሉ ጣት አናበቅልም። ግን የልጆች ጣት ጫፉ ብቻ ሲቆረጥ፣ የጥፍሩ ሥር ካልተነካ መልሶ ሊያድግ ይችላል። ጥፍሩም አብሮ።

አመሰግናለሁ።