የኢዋኩራ ጫማ

ውድ የታሪክ መምህራን፣ እንደምን ዋላችሁ።

ስለ ሜጂ ዘመን ጃፓን፣ ማለትም በንጉሠ ነገሥት ሜጂ ሥር በፍጥነት ስለዘመነችው ጃፓን፣ በፎቶና በስዕል ስለማስተማር አሥር ደቂቃ ተሰጥቶኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጣሁት ስለ አንድ ጥንድ ጫማ ላወራ ነው።

ፎቶውን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1872 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተነሱት፣ ወደ አሜሪካና አውሮፓ የተላኩ አምስት የጃፓን ባለሥልጣናት። አራቱ ሱፍ ለብሰዋል። መሀል ያለው የልዑኩ መሪ ኢዋኩራ ቶሞሚ ግን በኪሞኖ ነው፤ ጸጉሩም አናቱ ላይ እንደተቋጠረ ነው።

አምና ለተማሪዎቼ አሳየኋቸውና «ዘመናዊው ማነው? ባህላዊውስ?» አልኳቸው። ሰነፍ ጥያቄ! «መሀለኛው ባህላዊ» አሉ በአንድ ድምፅ። እኔም ደስ ብሎኝ ሰሌዳ ልጠርግ ዞርኩ። ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼ የማላውቅ ልጅ ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ ጫማውስ?» አለች።

ተጠግቼ አየሁ። ከኪሞኖው ሥር የፈረንጅ የቆዳ ጫማ! ስንት ዓመት አስተማርኩበት፣ አንድ ቀን ወደ እግሩ አላየሁም። ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ «ከእግሩ ነው መዘመን የጀመረው» አለ። ሌላዋ «እኛስ የአበሻ ቀሚስ በስኒከር እንለብስ የለ?» አለች። ደወል ተደውሎ የተነሳ አልነበረም።

በማግስቱ የምንጠቀምበትን የማስተማሪያ ጽሑፍ ገለጥኩ። ፎቶው ከወገብ በላይ ተቆርጧል! ስጠይቅ «ለቦታ ቁጠባ ነው» ተባልኩ። ለቦታ ቁጠባ! ታሪኩ ያለው እግሩ ላይ ነው እኮ! ሰውየውን «ባህላዊ» ለማድረግ እግሩን ቆረጥንበት። ከዚያ ደግሞ «የዛሬ ልጆች አያስቡም» እያልን እናማርራለን። ምን አሳየናቸውና?

ያው ኢዋኩራ ቺካጎ ሲደርስ ጸጉሩንም ተቆረጠ። ፎቶው የሁለት ከተሞች መሀል ነው፣ እንዲህ ብላችሁ አስተምሩት።

የንጉሠ ነገሥት ሜጂን ምስሎችም «በፊት» እና «በኋላ» እያልን ጎን ለጎን እንለጥፋለን። እ.ኤ.አ. በ1872 በቤተ መንግሥት ልብስ፣ በ1873 በአውሮፓ ዓይነት የጦር ልብስ። ሁለቱንም ያነሳው ፎቶ አንሺው ኡቺዳ ኩዊቺ ነው። ለማን እንዲታይ ተነሳ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። በኋላ ለትምህርት ቤቶች የታደለውማ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ኪዮሶኔ እ.ኤ.አ. በ1888 የሳለው ስዕል ፎቶ ነው። ተማሪዎች አንገታቸውን የሚደፉለት ለስዕል ፎቶ ነበር።

የባቡር ስዕሎቹን ሰዓት ስለሄደ እዘላቸዋለሁ። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን ከሜጂው ብዙ መውሰዱን፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይም ከወራት በኋላ ጃፓን መሄዳቸውን እናንተው ታስተምሩታላችሁ።

የማስተማሪያ ጽሑፉ አዘጋጆች እዚህ ስላላችሁ ልጠይቅ፦ በሚቀጥለው እትም እግሩ ይመለሳል? ሙሉውን ፎቶ በፍላሽ ይዣለሁ። በሩ ጋ ታገኙኛላችሁ።