ሁለቱም ፍሬን ይይዛል? የበጋ የሳይክል ጉዞ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ሳይክል ከየጓዳው ይወጣል፣ ስልካችንም ይጨናነቃል። ቅዳሜና እሁድ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ለመንዳት ላሰባችሁ፣ ደጋግመው ለሚመጡት ጥያቄዎች መልስ ይኸው። በየሳምንቱ የምለውን ግን አስቀድሜ ልድገመው፦ ከግቢያችሁ ሳትወጡ ሁለቱንም ፍሬን ጨብጣችሁ ሞክሩ።

ከገርጂ፦ ሳይክል የገዛሁት ገና አሁን ነው። ከየት ልጀምር?

እሁድ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ መኪና ሳይበዛ፣ ከቦሌ ወደ አራት ኪሎ በኮሪደር ልማቱ በተሠራው የሳይክል መስመር ጀምር። እዚያ ሦስት ነገር ተለማመድ፦ ማርሽ መቀየር፣ አንድ እጅ ለቅቆ ምልክት መስጠት፣ መሪው ሳይዛነፍ ዞር ብሎ ከኋላ የሚመጣውን ማየት። እግረኛውም በመስመሩ ላይ ስለሚሄድ ደወል አስገጥም። የጎርፍ መውረጃ ፍርግርግ ስታገኝ በመካከሉ አትለፍ፤ ክፍተቱ በምትሄድበት አቅጣጫ ከሆነ ቀጭን ጎማ ይውጣል። ይህ ሲቀልህ ከሲኤምሲ በአያት አድርገህ ወደ ለገጣፎ ውጣ። ሰንዳፋን ለሁለተኛው ወር አቆየው።

ቢሾፍቱን ለጀማሪ አልመክርም። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ሰውን የሚያታልለው መሄጃው ነው። እየተንደረደረ በሁለት ሰዓት ይደርስና ጉልበት ያገኘ ይመስለዋል። ሲመለስ ያ ሁሉ ዳገት ከቀትር ፀሐይ ጋር ይጠብቀዋል። በፍጥነት መንገዱ ላይ ሳይክል አይፈቀድም፤ በቃሊቲ፣ አቃቂና ዱከም የሚያልፈው ነባሩ መንገድ ደግሞ ከባድ መኪና የሚበዛበት ነው። የግድ ካልክ ልምድ ካለው ጓደኛ ጋር ሂድ፣ መመለሻህንም በመኪና አድርግ።

ከመገናኛ፦ ጎማዬን ስንት ላስነፋ?

ልኩ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ አንብበው። ወፍራሙ ባለ 26 ጎማ ለአስፋልት ከ40 እስከ 50 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው)፣ ቀጭኑ የኮርሳ ጎማ ከ90 እስከ 110 ይበቃዋል። ጎሚስታ ጋ ስትሄድ በአጭር በአጭር እያቋረጠ ይንፋልህ። የመኪና ኮምፕረሰር የሳይክል ጎማን በቅጽበት ሞልቶ ሊያፈነዳው ይችላል።

ከአየር ጤና፦ ስንት ውሃ ልያዝ?

ለአንድ ሰዓት ጉዞ ከግማሽ ሊትር እስከ ሦስት ሩብ ሊትር። ሳይጠማችሁ ጠጡ።

ከሽሮ ሜዳ፦ እንጦጦ እየወጣሁ ነው የምነዳው። የፊት ፍሬን ይገለብጣል ስለተባልኩ አስፈትቼዋለሁ። የኋላው ይበቃኛል?

አይበቃህም፣ ልጄ። ዛሬውኑ አስገጥመው። እስኪገጠም ድረስ ቁልቁለቱን ሳይክልህን እየገፋህ ውረድ።

ይህ ነገር በከተማችን ልማድ ሆኗልና ሰፋ አድርጌ ላስረዳ። ፍሬን ስትይዝ ያንተም የሳይክሉም ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል። የፊቱ ጎማ አስፋልቱን አጥብቆ ይጫናል፣ የኋላው ይቀልላል። የቀለለ ጎማ መሬት አይቆነጥጥም፤ ትንሽ ጠበቅ ስታደርገው ይቆለፍና ይንሸራተታል። የኋላው ፍሬን ምንም ያህል አዲስ ቢሆን ከዚያ በላይ አቅም የለውም። ሳይክልን የሚያቆመው የፊቱ ነው። በደረቅና ሜዳ በሆነ አስፋልት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትነዳ ሁለቱንም በወጉ ከያዝክ በ12 ሜትር ገደማ ትቆማለህ። በኋላው ብቻ 25 ሜትር ያህል ይፈጅብሃል። በዚያ ላይ ደንግጠህ እጅህ ፍሬኑን እስኪጨብጥ የምታልፈው አለ፤ በዚህ ፍጥነት በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ትሄዳለህ። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን መቆሚያህ አራት እጥፍ ይረዝማል፣ ቁልቁለቱ ደግሞ በራሱ ይጨምርበታል። አሁን ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን መንገድ አስበው። ታክሲ ሰው ለማውረድ ድንገት ይቆማል። ማገዶ የተሸከሙ እናቶች ሸክሙ አጉብጧቸው፣ ቀና ብለው ሳያዩ ይሻገራሉ። አንተ ፍሬን ፈትተህ በእነሱ ሕይወት ላይ መወሰን አትችልም።

"ይገለብጣል" የሚባለው ከምን መጣ? ሰው ሲደነግጥ የፊቱን ባንዴ ጭብጥ ያደርገዋል፤ ክርኑ ታጥፎ ስለሆነ ሰውነቱ መሪው ላይ ይደፋል፣ ያኔ ይገለበጣል። መሪው ታጥፎ ሳለ ወይም ጠጠር ላይ ሲያዝም ይጥላል። ይህ ሁሉ በልምምድ የሚታረም የአያያዝ ጉድለት ነው። ባዶ ሜዳ ፈልግ። መጀመሪያ የትኛው እጀታ የፊቱ እንደሆነ እወቅ፤ አንዳንዱ ሳይክል በግራ፣ አንዳንዱ በቀኝ ነው የሚመጣው፣ የተዋስከው ሳይክል ከራስህ ሊለይ ይችላል። በእርምጃ ፍጥነት ጀምር። የፊቱን በሁለት ጣት ብቻ ያዝ፣ ቀስ በቀስ እየጨመርክ ጠበቅ አድርግ፣ ክርንህን ዘርጋ፣ መቀመጫህን ወደ ኋላ ሳብ። የኋላው ጎማ ከመሬት መቅለሉ ሲሰማህ ትንሽ ላላ አድርግ። በየቀኑ 20 ጊዜ ብትደግመው በሳምንት ውስጥ እጅህ ይለምደዋል፤ ከዚያ ፍጥነቱን ጨምር።

ሲገጠምልህም ቆመህ እይ። የፍሬኑ ጎማ፣ ያ ትንሹ ላስቲክ፣ የሚነካው ቸርኬውን ብቻ ይሁን። ከፍ ብሎ ዋናውን ጎማ ከነካ እየበላ ካላማዳሪያውን፣ አየር የሚይዘውን የውስጥ ጎማ፣ ያፈነዳዋል፤ ዝቅ ካለ ከቸርኬው ሾልኮ ከራጆቹ፣ ከቀጫጭኖቹ የጎማ ሽቦዎች፣ መካከል ይገባል። በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይበቃል። እጀታውን እስከ መጨረሻው ስትጨብጠው ከመሪው ጋር ከተጋጠመ ገመዱ ላልቷል። ከገመዱ አንድ ክር እንኳ ከተበጠሰ ሙሉውን አስቀይረው። በፍሬኑ ጎማ ላይ ያሉት ስርጉድ መስመሮች ከጠፉ ዕድሜው አልቋል። በመጨረሻ ከሳይክሉ ጎን ቆመህ የፊቱን ጨብጥና ሳይክሉን ወደ ፊት ግፋው፤ የኋላው ጎማ ከመሬት ካልተነሳ አልያዘም ማለት ነው፣ ለሠራተኛው መልስለት።

ረጅም ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ሳትለቅ አትያዘው። ቸርኬው ይግልና ጎማው ሊፈነዳ ይችላል። መታጠፊያው ሳይደርስ ገና በቀጥታው ላይ ጠንከር አድርገህ ፍጥነትህን ቀንስ፣ ከዚያ ልቀቀው፣ እንደገና ያዝ።

ከሱሉልታ መንገድ፦ ዳገት ሲከብደን የአይሱዙ ጀርባ ይዘን እንወጣለን። ቀስ ብሎ ስለሚሄድ አደጋ አለው?

አለው፣ ገዳይ ነው። አንድ እጅህ መኪናው ላይ ሲሆን አንድ ፍሬን ብቻ ይቀርሃል፣ እሱም ምናልባት የኋላው ነው። ፊትህ ያለውን ጉድጓድ መኪናው ስለሚጋርድህ የምታየው ጎማህ ሲገባበት ነው። ሹፌሩ በመስታወት አያይህም። ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀይር መኪናው ወደ ኋላ ሊንሸራተት ይችላል፣ ከፊቱ የቆመ ነገር ካለ ደግሞ ባለበት ይቆማል። ስትወድቅ የምትወድቀው ወይ ከእሱ የኋላ ጎማ ሥር ወይ ከተከታዩ መኪና ፊት ነው። ዳገቱ ከከበደ ትንሹን ማርሽ አስገባ፤ እሱም ካቃተህ ወርደህ ግፋ። ሹፌሮችም አደራ፦ የተንጠለጠለ ልጅ ካያችሁ ድንገት ፍሬን አትያዙ፣ ጥሩምባ ነፍታችሁ አታስደንግጡት። ቀስ ብላችሁ ዳር ያዙና አስለቅቁት።

ከጎፋ፦ ካቴናዬን በተቃጠለ የሞተር ዘይት ብቀባው ችግር አለው?

በበጋ አቧራ ለቅሞ ሞረድ ይሆንና ካቴናውንም ጥርሱንም ይበላቸዋል። ግራሶም እንደዚሁ ነው። መጀመሪያ በጨርቅ ጠርጉት፣ የሳይክል ዘይት ወይም የስፌት መኪና ቀጭን ዘይት በየመጋጠሚያው አንዳንድ ጠብታ አድርጉበት፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙሩ፣ ከዚያ ከላይ የተረፈውን በደንብ ጠርጉ። ዘይት ቸርኬ ላይ ወይም የፍሬን ዲስክ ላይ እንዳይፈናጠቅ። ዘይት የነካው ፍሬን አይይዝም።

ከላፍቶ አንዲት እናት፦ ልጄ 9 ዓመቱ ነው። እያደገ ስለሆነ ከፍ ያለ ሳይክል ልግዛለት?

ሐሳብዎ ይገባኛል እህቴ፤ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ እንዳይወጣ ነው። ግን ተዉት። መቀመጫው ላይ ሆኖ የሁለት እግሩ ጣቶች መሬት ካልነኩ ድንገት መቆም አይችልም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ እጁ ነው፤ ትንሽ ጣት ትልቅ የፍሬን እጀታ ላይ አትደርስም። ሱቁ ውስጥ አስቀምጠው ሁለቱንም ፍሬን ያስጨብጡት። ለመጨበጥ መሪውን ከለቀቀ ያ ሳይክል የእሱ አይደለም። ለዕድሜው ብዙ ጊዜ ባለ 20 ጎማ ይስማማዋል። ታናሹን ከኋላ ጭኖ እንዲነዳም አይፍቀዱለት፤ የተጫነ ልጅ እግር ራጅ ውስጥ ይገባል።

ከሳሪስ፦ ከነዳሁ በኋላ ጉልበቴን ያመኛል።

አብዛኛውን ጊዜ መቀመጫው ዝቅ ብሎ ነው። ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርገህ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትህ ቀጥ እንዲል ከፍ አድርገው፤ ስትነዳ በእግርህ ፊት ስለምትረግጥ ትንሽ እጥፋት ይቀራል። በከባድ ማርሽ እየታገልክ አትርገጥ፤ በደቂቃ ከ70 እስከ 90 ዙር የምታዞርበትን ማርሽ ፈልግ። ካበጠ ወይም በሁለት ሳምንት ካልተሻለህ ሐኪም ይየው።

ከዋሽንግተን ለገና የመጣች፦ እዚያ በሳምንት 100 ኪሎ ሜትር እነዳለሁ፣ እዚህ ትንፋሽ አጠረኝ።

እንኳን ደህና መጣሽ። የአንቺ ከተማ ከባሕር ወለል ብዙም አይርቅም፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦ ደግሞ 3,000 ያልፋል። እዚህ በአንድ ትንፋሽ የምታገኚው ኦክስጅን እዚያ ከምታገኚው ሩብ ያህል ይቀንሳል። የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ቀናት በሜዳ ላይ አጭር አጭር ንጂ። ፀሐዩም ከፍታው ላይ ያቃጥላል፣ ክንድና አንገትሽን ሸፍኚ። ተቀምጠሽም ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ራስ ምታቱ ከትውከት ጋር ከመጣ ሳትውዪ ሳታድሪ ሆስፒታል ሂጂ። የተከራየሽው ሳይክል ፍሬን ካለመድሽው በተቃራኒ እጅ ሊሆን ስለሚችል ሳትወጪ ሞክሪው።

ከፒያሳ፦ በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ። ጠዋት መንዳት እችላለሁ?

እስከ አንድ ሰዓት፣ ሜዳ ላይ፣ በእርጋታ። ረጅሙን ከ9 ሰዓት በኋላ አድርጉት፤ ሲመሽ ግን ከፊትም ከኋላም መብራት ይኑራችሁ። ዓይናችሁ ከጨለመ ወይም እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ ወርዳችሁ ተቀመጡ። ውሃ ጭምር ሳይቀምሱ ለሚጾሙ አድማጮች ቁልቁለትና ዳገት ያለበት መንገድ ይቅርባቸው።

ከኮልፌ፦ መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳብኝ ራሴ መለጠፍ እችላለሁ?

ትችላለህ። መለዋወጫ ካላማዳሪያ፣ ሁለት የጎማ ማውጫ፣ ትንሽ ፓምፕ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ መለጠፊያ ላስቲክና ማስቲሽ ያዝ። የቀዳዳውን ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው፣ ማስቲሹን ስስ አድርገህ ቀባ፣ እርጥበቱ እስኪጠፋ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቅ፣ ከዚያ ልጠፍና ተጫነው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ሳይጠብቅ በመለጠፍ ነው። ካላማዳሪያውን ወደ ቦታው ከመመለስህ በፊት የዋናውን ጎማ ውስጥ በጣትህ እየዳሰስክ እሾሁን ወይም ጠርሙሱን አውጣ፤ ካልወጣ አዲሱንም ይበሳዋል። ለመፍታት የለቀቅከውን ፍሬን መልሰህ ማያያዝህንም አትርሳ።

የ58 ዓመት አባት ከአስኮ፦ ደም ግፊት አለብኝ። ከልጆቼ ጋር ልንዳ?

አባቴ፣ ይህን የሚመልሰው ሐኪምዎ ነው። ይታዩና ይንዱ። እየነዱ ደረትዎን ካፈነዎት ወይም ሕመሙ ወደ ክንድና መንጋጋ ከሄደ ያቁሙ፣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይውሰዱዎት።

ከቡራዩ፦ ጠዋት ጠዋት ውሻ ያሳድደኛል። ባለፈው ቁርጭምጭሚቴን ጫር አድርጎኛል፣ ምንም አልሆንኩም።

ሲያሳድድህ በፍጥነት ለማምለጥ አትሞክር፣ ለመርገጥም እግርህን አትዘርጋ። ፍጥነትህን ቀንሰህ ውረድ፣ ሳይክሉን በመካከላችሁ አድርገህ በእርምጃ እለፍ።

ጭረቱን ግን እንዲህ አቃልለህ አትለፈው። የእብድ ውሻ በሽታ በትንሽ ጭረትም ይገባል፣ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሳምንታት ወይም ወራት ቆይቶ ስለሚመጣ እስካሁን ደህና መሆንህ ዋስትና አይሆንም። የተነከሰ ወይም የተጫረ ሰው ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠብ፣ ቅጠልም በርበሬም አይነስንስበት፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። አንተ ቀኑ አልፏል ብለህ አትቅር፤ ከዚህ ስልክ ቀጥለህ ጤና ጣቢያ ሂድና ክትባቱን ጠይቅ።