አንደኛ ወጥቶ ባለበት መቅረት

ወዳጆቼ፣ ዛሬም ከጀርመን የሴቶች እግር ኳስ ሁለተኛ ዲቪዚዮን አልወጣሁም፤ «ደግሞ ጀርመኖችሽን ይዘሽ መጣሽ?» ማለቱን የማይተወው ጋሼም እንደ ልማዱ ይታገሠኝ። አልለቅ ያለኝ የ2018-19 የውድድር ዘመን ነው። የሰሜንና የደቡብ ምድብ ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ የኖረው ሊግ፣ 14 ቡድኖችን ይዞ በአንድ ሰንጠረዥ የተጠቃለለው በዚያ ዓመት ነበር።

እስቲ የመጨረሻውን ሰንጠረዥ እንደገና እንየው። ከአናቱ ላይ የተቀመጠው የቮልፍስቡርግ ክለብ ሁለተኛ ቡድን፣ ማለትም ከዋናው ቡድን ሥር ያለው የወጣቶቹ ቡድን ነው። ወደ ቡንደስሊጋ፣ ወደ አንደኛው ዲቪዚዮን፣ ያደጉትን ስንፈልግ ግን የምናገኘው ከሥሩ ያሉትን ኮሎኝንና ዬናን ነው። እንደገና ወደ ላይ እመለሳለሁ፤ ሻምፒዮኑ እዚያው አለ፣ የሚሄድበት ግን የለውም፤ አንደኛ ወጥቶ ያንኑ ክፍል ድገም እንደተባለ ተማሪ።

ሁለተኛ ቡድን ወደ ቡንደስሊጋ እንዳያድግ የሚከለክለው ደንብ ለምን እንደተደነገገ ይገባኛል። አንድ ክለብ በአንድ ሊግ ሁለት ቡድን ማሰለፍ አይችልም፤ የቮልፍስቡርግ ዋናው ቡድን ደግሞ በዚያው ዓመት የቡንደስሊጋው ሻምፒዮን ነበር። የአንድ ክለብ ሁለት ቡድኖች ወራጁን በሚለይ ጨዋታ ቢገናኙ ውጤቱን ማን ያምናል? ጋሼም «ዋንጫ ዋንጫ ነው» ብሎ ይዘጋዋል።

እኔ ግን የማስበው ስለ ተጫዋቿ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከጓደኞቿ ጋር ብታሸንፍም ማደግ የምትችለው የዋናው ቡድን አሠልጣኝ ከፈለጋት ብቻዋን ነው፤ ታዲያ ኳሱን የምታቀብላት ጓደኛዋ ተፎካካሪዋም መሆኗ አይደለምን? ይህን ስል ምናልባት አጋንኜው ይሆናል፤ በየትኛውም ቡድን ውስጥ የቦታ ፉክክር አለና።

የዬና ነገርማ ያስቀኛል፦ በ2019 አደገ፣ በ2020 ወረደ፣ በ2021 አደገ፣ በ2022 ወረደ፣ በ2024 ደግሞ አደገ። ደጋፊው ሻንጣውን መቼ እንደሚፈታ እንጃለት! ግን እኮ... ዬና ቢያንስ ይወጣል፣ ይወርዳል። ለሁለተኛ ቡድኖች የተከለከለው መውጣቱ ብቻ ነው፤ መውረዱ ለእነርሱም ተፈቅዷል። ሳቄን የሚያቋርጠው ይህ ነው።

ለብቻቸው ሊግ ይቋቋምላቸው እንዳልል፣ ወጣቶቹ የሚማሩት የእውነት ነጥብ ከሚያሳድዱ፣ ከበሰሉ ተጫዋቾች ጋር ሲጋጠሙ ነው። እንዲያድጉ ይፈቀድ እንዳልል ደግሞ፣ ቀደም ብዬ ያነሣሁት ጥያቄ... እንግዲህ ጋሼ፣ አንተ ደግሞ ምን ትል እንደሆነ...