ዘፋኙን ያየ ይከፍላል

እሺ፣ ሰላም ናችሁ? ዛሬ ድምፄ ትንሽ ጎርነን ብሏል፣ ታገሱኝ። ቅዳሜ ማታ ስጮህ አምሽቼ ነው።

ከጓደኛዬ ጋር ባንድ ልናይ ወጥተን ነበር። ስሙን አልጠራም፣ ያፍራል። ተማሪ እያለን ቤዝ ጊታር ይሞካክር ነበር። አሁን ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጦ የሰው ደመወዝ ነው የሚሠራው። ላይቭ ሙዚቃ ያለበት ቤት ሲገባ ግን ያ የድሮው ልጅ ይመለሳል።

ቦሌ አካባቢ አንድ ቤት ገባን። 4 ሰዓት ይጀምራል የተባለው ባንድ 4 ተኩል ላይ ጀመረ፣ ያው እንደምታውቁት ነው። ቢራችን እንደመጣ ጓደኛዬ ሕግ አወጣ። «አንድ መሣሪያ ምረጥ። ሌሊቱን ሙሉ እሱን ብቻ ነው የምትከተለው። ዘፋኙን ያየ ሒሳቡን ይከፍላል።» እሱ ድራሙን ያዘ። እኔ ላናድደው ብዬ ቤዙን ወሰድኩበት።

ቀላል ይመስላል አይደል? እስቲ ሞክሩት። እኛ እኮ ሙዚቃ ስንሰማ ግጥም ነው የምንሰማው። «ምን አለ?» እንላለን እንጂ «ምን ተጫወተ?» አንልም። ዘፋኟ ደግሞ ቀይ ቀሚስ ለብሳለች። የእኔ ሰውዬ ጥግ ላይ ቆሞ፣ ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ ደፍቶ፣ ወለሉን ነው የሚያየው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዘፈኖች ጣሪያውን እያየሁ ነው ያሳለፍኩት።

ከዚያ ጆሮዬ መከፈት ጀመረ። ችክችካ፣ ያ ባለ ስድስት ምቱ፣ ሲመጣ ጓደኛዬ ጠረጴዛውን እየመታ ሊያስረዳኝ ሞከረ። ግራ እጁ ሁለት ይመታል፣ ቀኝ እጁ በዚያው ጊዜ ሦስት። ስድስቱ ምት ውስጥ ሁለቱም አሉ። ለዚህ ነው ትከሻና እግር የተለያየ ነገር ሲያደርጉ የማይጋጩት አለኝ። እኔም ሞከርኩ። ቢራዬን ደፋሁት።

ስለ ማይታየው ሰው ካነሳን፣ ኃይሉ መርጊያ ትዝ አለኝ። የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች። በደርግ ጊዜ ዋልያስ ሂልተን ይጫወቱ ነበር። ሰዓት እላፊ ስለነበረ ደግሞ ማታ የገባ ሰው ሳይነጋ አይወጣም፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። አስቡት፣ መሄጃ የሌለው አድማጭ! በ1981፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ባንዱ አሜሪካ ሄደ። ኃይሉ እዚያው ቀረ። ዋሽንግተን ላይ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን መኪናው ኋላ ጭኖ፣ ኤርፖርት ተሳፋሪ እየጠበቀ ይለማመድ ነበር። በ1985 የሠራው አልበም በ2013 እንደገና ሲወጣ ነው ዓለም እንደ አዲስ ያወቀው። ሂልተን እስኪነጋ ከጨፈሩት ውስጥ ስንቱ ይሆን መልኩን የሚያስታውሰው?

ለማንኛውም፣ 6 ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ።

ድርግም። ኪቦርድ የለም፣ ማይክ የለም፣ ቤዝ የለም። የቀሩት ድራሙና ሳክስፎኑ ብቻ ናቸው። ግን አላቆሙም! ሰዉ በጭብጨባ ተቀላቀለ፣ አንዱ ስልኩን አበራ፣ ከዚያ ሁሉም አበራ። ጓደኛዬ በጆሮዬ «ያንተ ሰውዬ ሞተ!» እያለ ይስቃል። በስልኩ ብርሃን ዞር ብዬ ሳይ፣ ሰውዬው እየተጫወተ ነው። ድምፅ የለም። ጣቶቹ ግን ክሩ ላይ ይሄዳሉ፣ አንድም አላጎደለም። ለማንም አይደለም፣ ማንም እያየው አይደለም፣ ከእኔ በቀር። ሦስት ደቂቃ ይሆናል። ጀነሬተሩ ተነሳና ድምፁ ዱም ብሎ ሲመለስ፣ ልክ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ነበር። ሰዉ ለመብራቱ አጨበጨበ። እኔ ለሰውዬው ወንበር ላይ ወጥቼ ጮኽኩ። የድምፄ ነገር ከዚህ የመጣ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሁለታችንም አልተሸነፍንም። (እሱ አንዴ ቀይ ቀሚሷን ሲያይ ይዤዋለሁ፣ ይክዳል።) ጨዋታው ይቀጥል ብለን ወደ አዝማሪ ቤት ሄድን። ድሮ ቢሆን ካዛንቺስ ነበር የምንሄደው። አሁን ከዚያ ሰፈር ብዙው ስለፈረሰ፣ ጠይቀን ጠይቀን አንዲት ጠባብ ቤት አገኘን።

ገብተን ስንቀመጥ ችግሩ ገባን። አዝማሪው አንድ ነው። መሣሪያው ማሲንቆ ነው። ክሩም አንድ፣ የፈረስ ጭራ። የሚጫወተውም የሚዘፍነውም ያው ሰውዬ! እሱን ካየን ዘፋኙን አየን፣ ካላየን ማንን እንከተል? ሕግ አውጪው ራሱን ያክካል። «ክሩን ብቻ እይ» አለኝ መጨረሻ ላይ። ክሩ እኮ አገጩ ሥር ነው!

ስንጨቃጨቅ አዝማሪው ሰማ መሰለኝ። ማሲንቆውን እየገዘገዘ መጥቶ ፊቴ ቆመ። መነጽር አደርጋለሁ፣ ለማታውቁኝ።

«ባለ መነጽሩ ለምን ይተክዛል፣
ቢራው ሲያልቅበት ጓደኛው ይገዛል።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጓደኛዬ «ሰምና ወርቅ ነው፣ አልገባህም፣ ጌታህ ነኝ ማለቱ ነው» ብሎ ሊያመልጥ ሞከረ። አይሆንም አልኩት፣ እኔ ሰሙ ይበቃኛል። መቶ ብር አውጥቶ የአዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፈ፣ ቀጥሎ ሒሳቡን ከፈለ፣ እያጉረመረመ።

የራይዱን እኔ ነኝ የከፈልኩት፣ ይታወቅልኝ። ሹፌሩ «ሙዚቃ ልክፈት?» ሲለን ሁለታችንም እኩል «ተወው» አልን። ጓደኛዬ ጉልበቱ ላይ ሁለት በሦስት እየመታ ነበር።