ወተት አልስማማ ሲል፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

«ዶክተር፣ ልጅ ሆኜ ወተት እወድ ነበር። አሁን ግን አንድ ብርጭቆ ከጠጣሁ ሆዴ ይነፋል፣ ይጮሃል። ምን ነካኝ?»

የተለየ ነገር ላይሆን ይችላል፣ ወንድሜ። የወተቱን ስኳር፣ ላክቶስን፣ የሚፈጨው በትንሹ አንጀት የሚገኘው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ከዓለም አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከልጅነት በኋላ ላክቴዛቸው ይቀንሳል። ያልተፈጨው ላክቶስ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያ ያብላላዋል። ጋዙ ከዚያ ነው። ውሃም ስለሚስብ ያስቀምጣል። ግን በግምት ራስህን አትመርምር፤ የትንፋሽ ምርመራ አለ።

«በዘር ይተላለፋል?»

አዎ። የላክቴዝ ጂን ያለው ክሮሞዞም 2 ላይ ነው። አጠገቡ የተፈጠረ ለውጥ የወረሰ ሰው ካደገም በኋላ ወተት ይፈጫል። ለውጡ በአውሮፓና በምሥራቅ አፍሪካ ለየብቻው ነው የተነሳው።

«እርጎስ?»

ሞክሪው። እርጎው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ላክቶሱን በመፍጨት ያግዝሻል።

«የሰባት ወር ልጄን ተቅማጥ ያዘው። ‹ላክቶስ ነው፣ ጡት አስጥዪው› አሉኝ።»

እህቴ፣ በፍጹም! ይህን ምክር ስሰማ እጨነቃለሁ። ላክቶስ መፍጨት ሳይችል የሚወለድ ሕፃን እጅግ ብርቅ ነው። የእናት ጡት እኮ ከላም ወተት የበለጠ ላክቶስ አለው! ተቅማጥ አንጀቱን ሲጎዳው ላክቴዝ ለጊዜው ሊያንስ ይችላል፤ አንጀቱ ሲያገግም ይመለሳል። ጡት ስታስጥዪው ግን ፈሳሹንም፣ ምግቡንም፣ በሽታ መከላከያውንም ነው የምትነሽው። እኔ የምፈራው ላክቶሱን ሳይሆን ድርቀቱን ነው። ቶሎ ቶሎ አጥቢው፣ ኦ አር ኤስ (በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት) ስጪው። የአኩሪ አተር መጠጥ በጡት ምትክ እንዳትሰጪው። ዳይፐሩን እያየሽ፤ ለሰዓታት ደረቅ ከሆነ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከፈዘዘ ወይም ደም ካየሽ ነገ አትበዪ፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው።

«ወተት ስጠጣ ከንፈሬ ያብጣል።»

ይሄ ላክቶስ አይደለም፤ የወተት ፕሮቲን አለርጂ ይመስላል። ላክቶስ የሌለው ወተትም ፕሮቲኑ አለበት። «ትንሽ ልሞክር» አትበይ። በግምት አይሆንም፤ ሐኪም ይይሽ። ትንፋሽ ካጠረሽ ድንገተኛ ክፍል።

«ወተት ጨርሼ ልተው?»

አያስፈልግም። ብዙዎች በአንድ ጊዜ እስከ 12 ግራም ላክቶስ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ያህል፣ ይችላሉ። ከምግብ ጋር ጠጣው። ደረቅ አይብ ላክቶሱ ጥቂት ነው። የላክቴዝ እንክብልም አለ። ከተውከው ካልሲየሙን ከሌላ ምግብ አግኝ።

«ወተት ካቆምኩ ቆየሁ፤ ተቅማጡ ግን አልተወኝም። ከስቻለሁም።»

እንግዲያው ወተት ላይ አታላክክ። በግምት መቆየት ይብቃህ። በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂድ።