ነጭ ዓሣን በክረምት አልገዛም

እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም ከባሕር ዳር ነኝ። ሐምሌ ገብቷል፣ ዝናቡም አላቋርጥ ብሏል። ቆርቆሮው ሲንኳኳ ከተሰማችሁ እሱ ነው።

ዛሬ ስለ ዓሣ ላውራችሁ። እዚህ ከተማ ዓሣ የሚገዛ ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ቢጠይቅ ደስ ይለኛል። የት ተያዘ? ከውሃ ከወጣስ ስንት ሰዓት ሆነው?

የመጀመሪያው ጥያቄ በተለይ ለነጭ ዓሣ ነው። ነጭ ዓሣ ስንል አንድ ዓይነት ይመስለናል። ጣና ውስጥ ግን ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለውን ዓሣ ወደ ላይ አያሳልፍም። የእኛዎቹ እዚሁ ተዋልደው፣ እዚሁ ተለያይተው ኖሩ።

ከእነዚህ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጠጠር ላይ፣ ፈጥኖ በሚሄድ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነው። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። መረቡ የሚዘረጋውም እዚያው ነው። እናቲቱ ከነእንቁላሏ ትያዛለች። ነጭ ዓሣ ደግሞ ለመራባት እስኪደርስ ዓመታት ይፈጅበታል፤ የተወሰደው ቶሎ አይተካም። የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ጣና ላይ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ ነው። በ1990ዎቹ ብቻ የነጭ ዓሣ ምርት በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ይሄ ያሳዝነኛል፣ ያሳስበኛልም።

አስጋሪውን «ተው» ማለት ቀላል ነው። እሱ ግን ልጆች አሉት፣ ክረምቱም ረጅም ነው። ለዚህ ነው ለገዢው የማወራው። እኔ ከሐምሌ እስከ መስከረም መጨረሻ ቀረሶ የሚባለውን ሌላውን የጣና ዓሣ፣ ቲላፒያን ነው የምገዛው። ቀረሶም በክረምት ይራባል። ግን እናቲቱ እንቁላሉንም ጫጩቱንም አፏ ውስጥ ይዛ ታሳድጋለች። ዳር ዳሩን ተበታትና ስለምትኖር አንድ መረብ ጠራርጎ አይወስዳትም።

አሁን ወደ ሰዓቱ። መረብ ብዙ ጊዜ ማታ ይጣላል፣ ንጋት ላይ ይነሳል። እኩለ ሌሊት ላይ ተይዞ የሞተ ዓሣ፣ ጠዋት ገበያ ሲደርስ ሰዓታት አልፈውታል። ስለዚህ መረቡን በጊዜ ማንሳት ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ፀሐይ እንዳያገኘው በእርጥብ ጆንያ መሸፈን። ሆድ ዕቃውን ቶሎ ማውጣት፣ ቀዩን መተንፈሻውንም አብሮ። ብልሽቱ የሚጀምረው ከእነዚህ ነው። ማጠቢያው የዳር ድፍርስ ውሃ አይሁን። በረዶ ካለ ከሥርም ከላይም ይነጠፍለት፤ የቀለጠው ውሃ ደግሞ መውጫ ይኑረው። ዓሣው በራሱ እጣቢ ውስጥ ተዘፍቆ ከዋለ በረዶው ብዙም አልጠቀመውም።

ስትገዙ ሙሉውን ዓሣ እዩ። ዓይኑ ጥርት ያለና ወጣ ያለ፣ መተንፈሻው ደማቅ ቀይ፣ ሥጋው ስትጫኑት መልሶ የሚሞላ ይሁን። ፊሌቶ ሆኖ የቀረበላችሁ ዓሣ ዓይንም መተንፈሻም የለውም፤ በምን ታውቁታላችሁ? ከመረጣችሁ በኋላ ፊት ለፊታችሁ ይዘጋጅ። ሎሚ ሽታ ይሸፍናል እንጂ የተበላሸ ዓሣ አያድንም። መብራት ጠፍቶ ፍሪጅ ውስጥ የቀለጠውንም መልሳችሁ አታቀዝቅዙት፤ እስካሁን ቀዝቃዛ ከሆነ ዕለቱን ጥበሱት፣ ሞቆ ካደረ ግን ይጣል።

በዐቢይ ጾም ገዢው ሲበዛ ጥንቃቄያችሁም ይጨምር። ዓሣ የሚፈለግበት ሰሞን ስለሆነ ያደረውም የዋለውም አብሮ ይሸጣል።

ቋሚ ደንበኛ ካላችሁ ዛሬውኑ ንገሩት። «እስከ መስከረም መጨረሻ ነጭ ዓሣ አልፈልግም፣ ቀረሶ አምጣልኝ፣ ሆዱን እዚያው አውጣልኝ» በሉት። ለድካሙ ትንሽ ጨምራችሁ ክፈሉት።