ከኤችቲቲፒው ጀርባ ያለው ኔትወርክ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ።

እዚህ ያለን አብዛኞቻችን ኮድ የምንጽፈው ዌብን እያሰብን ነው። *127# ደውሎ በቴሌብር ብር የሚልክ ሰው ግን ብሮውዘር አይከፍትም። ዛሬ ስለ እሱ መንገድ ነው የማወራው።

የዩኤስኤስዲ፣ ማለትም እንደ *127# ባለ አጭር ቁጥር የሚሠራ አገልግሎት ስንሠራ፣ ጌትዌዩ (የቴሌኮሙን ኔትወርክ ከእኛ ሰርቨር የሚያገናኘው ድልድይ) ብዙ ጊዜ ጥያቄውን ዌብ በሚነጋገርበት ደንብ፣ በኤችቲቲፒ ያመጣልናል። ስልክ ቁጥር፣ የሴሽን (ደንበኛው ደውሎ እስኪዘጋ ያለው ምልልስ) መለያ፣ ደንበኛው የመረጠው ቁጥር፤ በቃ። ፕሮግራሞች የሚነጋገሩበት ተራ ኤፒአይ ይመስላል። የሚያሳስተንም ይሄው ነው።

ኤችቲቲፒ አንዱን ጥያቄ ከሌላው አያያይዝም። ደንበኛውን የምናስታውሰው እኛ ነን፣ በኩኪ ወይም በቶክን። ገጹ ቢዘገይ ሰውየው ይጠብቃል። ዩኤስኤስዲ ግን በቴሌኮሙ የሲግናል መስመር ላይ ተከፍቶ የሚቆይ ሴሽን ነው። ዳታ አይፈልግም፤ በቱጂም፣ በተራ ቀፎም ይሠራል። በጣም የምወደውም ለዚህ ነው። ሰዓቱ ግን በእኛ እጅ አይደለም። ኦፕሬተሩ በወሰነው ጊዜ ካልመለስን ይዘጋል።

እስቲ አንዲት እናት ለልጃቸው 500 ብር ሲልኩ አስቡ። ፒን አስገቡ። ሰርቨራችን ብሩን ቀነሰ፤ መልሱ ሳይደርስ ግን ሴሽኑ ተቋረጠ። እሳቸው የሚያዩት የስህተት መልእክት ነው። ምን ያደርጋሉ? ደግመው ይልካሉ። ሁለተኛው ሙከራ አዲስ የሴሽን መለያ ይዞ ስለሚመጣ፣ በመለያው ብቻ ድግግሞሹን አንይዘውም። ከአንድ ቁጥር፣ ለአንድ ተቀባይ፣ ያው መጠን ወዲያው ተደግሞ ከመጣ «ቅድም የላኩት 500 ብር ደርሷል፤ ሌላ ይላክ?» ብለን እንጠይቅ። ጊዜ የሚወስደውን ሥራ ደግሞ ከሴሽኑ ውጪ ጨርሰን ውጤቱን በኤስኤምኤስ እናሳውቅ። ለእኔ ይሄ ከየትኛውም የዲዛይን ማሳመር ይቀድማል።

ኤስኤምኤስ ካልን አይቀር፣ በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ሆሄ ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል 70። 160 ሆሄ ባለው የእንግሊዝኛ መልእክት ላይ አንዲት «አ» ጨምሩ። ጠቅላላው የግዕዝን ፊደል ወደሚይዘው ዩኒኮድ ይቀየርና 3 ቁራጭ ይሆናል፤ ሲከፋፈል አንዱ ቁራጭ የሚይዘው 67 ብቻ ነዋ! ወጪውን አይቶ አማርኛውን የሚተው አለ። አጥብቄ እቃወማለሁ። ጽሑፉን እናሳጥር እንጂ ሰው በማያነበው ቋንቋ ስለ ገንዘቡ አንንገረው።

ደኅንነቱ ላይ አደራ። በዌቡ በኩል መልእክቱን የሚያመሰጥር ቲኤልኤስ አለን። የቴሌኮም ኔትወርኮች የሚነጋገሩበት የሲግናል ደንብ፣ ኤስኤስ7 ግን የተነደፈው የቴሌኮም ድርጅቶች ጥቂት ሆነው እርስ በርስ በሚተማመኑበት ዘመን ነው፤ መልእክቱን የላከው ማን እንደሆነ በቅጡ አያጣራም። በ2017 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ሌቦች በዚሁ ቀዳዳ ለባንክ ደንበኞች የተላከ የማረጋገጫ ኮድ ጠልፈው ብር ወስደዋል። ስለዚህ ስማርት ስልክ ላለው ደንበኛ ኮዱ እዚያው ስልኩ ላይ፣ በመተግበሪያ ይመንጭ። ተራ ቀፎ ለያዘው ደግሞ የዝውውር ጣሪያ አብጁለት፤ ለአዲስ ተቀባይ ሲልክም ፒኑን ደግማችሁ ጠይቁት።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ማይኩን ውሰዱ።